መርከቡ ከሄደ በኋላ ግቢው የማን ነው?

(በደማምና በአልኮባር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ዲስኩር)

በሳምንት ያላችሁን የዕረፍት ቀን ትታችሁ ስለ አሮጌ መርከብ መሥሪያ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ከዚህ ስንወጣ ወደ አገር ቤት የሚደወል ስልክ ብዙዎቻችን ስላለን ነገር አላስረዝምም። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ከተማ የሚቆረቆረው በሥራ ቦታ ዙሪያ ነው። ወደብ ይከፈታል፣ ባቡር ይደርሳል፣ መርከብ ይሠራል፣ ሰው ይሰበሰባል። አንድ ቀን ሥራው ይቆማል፤ ግቢው ግን የትም አይሄድም። ያውም ውኃ ዳር ወይም መሀል ከተማ ያለ፣ በካሬ ሜትር ሲተመን የሚያስጎመጅ መሬት ነው። ከተማዋ የቤት ያለህ ትላለች፣ አልሚው ንድፉን ይዞ ይመጣል፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ “አባቶቻችን የሠሩበት ቦታ ነው፣ እንዴት ተደርጎ!” ይላል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት፣ እንዲህ ያለ ሙግት ሲነሣ የሰፈር ሰው መቼ ይደመጣል የሚለውን ነው። እኔ እንደማየው፣ “አትንኩብን” ብቻ ብሎ የመጣ ሰው ቢሳካለት አንድ ግድግዳ ያተርፋል። ለግቢው የሚሆን ሥራ አስቦ የመጣን ግን አልሚውም ሹሙም እንዲሁ በቀላሉ አያልፉትም።

ካለንበት ባሕር ዳር እንጀምር። በየማታው የምንንሸራሸርበት ኮርኒሽ ብዙው ክፍሉ ባሕር የነበረ፣ አፈር ተሞልቶበት መሬት የሆነ ነው። ደማምና አልኮባር ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1923፣ ከባሕሬን የተሻገሩ የደዋሲር ጎሣ ሰዎች የሰፈሩባቸው የዓሣ አጥማጅና የዕንቁ ጠላቂ መንደሮች ነበሩ። ዕንቁው ብዙ አልቆየም። ጃፓኖች ዕንቁን አርብተው ገበያውን ሲያጥለቀልቁትና የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ሲደረብበት፣ ንግዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተንኮታኮተ። በመጋቢት 1938 የደማም 7 ቁጥር ጉድጓድ ነዳጅ አፈለቀ። የመጀመሪያው ነዳጅ ከአልኮባር በጀልባ ተጭኖ ወደ ባሕሬን ተሻገረ። በዓመቱ፣ ግንቦት 1 ቀን 1939፣ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ራስ ተኑራ ላይ የመጀመሪያዋን ትልቅ የነዳጅ መርከብ የሚሞላውን ቧንቧ በእጃቸው ከፈቱ። ከዚያ ወዲያ ይህ ባሕር ዳር ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ አዞረ።

የዕንቁዎቹን ጀልባዎች የሚሠሩት አናጢዎች ምን አስቀሩልን? በወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የለም፤ ሥራው በዓይን ልክ ነበርና። ከሕንድ ማላባር በመጣ የቲክ እንጨት መጀመሪያ የጀልባውን ቅርፊት ሳንቃ በሳንቃ ያያይዙታል፣ የጎን አጥንቶቹን ከዚያ በኋላ ያስገባሉ፣ ስንጥቁን በዘይት በራሰ ጥጥ ይደፍናሉ። መሥሪያ ቦታው አሸዋ ነበር። አሸዋ ደግሞ ግድግዳ የለውም፣ በቅርስነት የሚመዘገብ በርም የለውም። ሥራው በቆመ ማግስት የቦታው ምስክር ሽማግሌዎቹ ብቻ ሆኑ። ግድግዳ ያለው ግን ይታወሳል፤ በባሕሩ ጥግ የታሩት ደሴትና በእሷ ላይ ያለችው ዳሪን አሉ፤ የታሩት ምሽግ፣ ከሥሩም በሺህ ዓመታት የሚቆጠር የሰው አሠፋፈር። የሳዑዲ መንግሥት በ2022 ለዳሪንና ለታሩት ልማት ከ2.6 ቢሊዮን ሪያል በላይ መድቧል። ወደ ባሕሬን የሚወስደውን ድልድይ ተሻግራችሁ ሙሐረቅ ብትሄዱ ደግሞ ባሕሬኖች በ2012 በዩኔስኮ ያስመዘገቡትን የዕንቁ መንገድ ታያላችሁ፤ 17 ሕንፃዎች፣ አንድ ምሽግ፣ የባሕር ዳርቻ ቁራጭና ባሕር ውስጥ ያሉ ሦስት የዕንቁ ማጥመጃ ሥፍራዎች። ይህን አመዘጋገብ እወደዋለሁ። የሀብታሙ ነጋዴ ቤት ብቻውን አልተመዘገበም፤ ጠላቂው ትንፋሹን ይዞ የወረደበት ውኃም አብሮ ተመዘገበ። ከጠላቂዎቹ መካከል በባርነት ከምሥራቅ አፍሪካ የተወሰዱ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ባሕር ለእኛም ሙሉ በሙሉ የባዕድ ታሪክ አይደለም።

አሁን ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ፤ የመርከብ መሥሪያ ሙግት በትክክል ምን እንደሚመስል የሚታየው እዚያ ነውና።

በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳርቻ ዴትፈርድ የሚባል ሰፈር አለ። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የባሕር ኃይሉን መርከብ መሥሪያ እዚያ ያቋቋመው በ1513 ነው፤ እኛ ዘንድ ዐፄ ልብነ ድንግል በዙፋን ላይ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ደረቅ ገንዳዎች ነበሩ። ደረቅ ገንዳ ማለት ከወንዙ ጋር በመዝጊያ የሚገናኝ፣ በድንጋይና በግንድ የተገነባ ትልቅ ጉድጓድ ነው። ማዕበሉ ሲሞላ መርከቡ ተንሳፍፎ ይገባል፣ መዝጊያው ይዘጋል፣ ውኃው ይወጣል፣ ሠራተኛው ከመርከቡ ሆድ ሥር ቆሞ ይጠግናል። ፍራንሲስ ድሬክ ዓለምን ዞሮ ሲመለስ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1581 የክብር ማዕረግ የሰጠችው እዚያው ዴትፈርድ፣ በመርከቡ ላይ ነበር። “ይህች መርከብ ለመታሰቢያ ትቀመጥ” ብላም አዘዘች። መርከቧ እዚያው ግቢ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠች፣ መቶ ዓመት በሚጠጋ ጊዜም በስብሳ አለቀች። ከተረፈው እንጨት የተሠራ አንድ ወንበር ኦክስፎርድ ይገኛል። የንግሥት ትእዛዝ እንኳ የሚጠግን እጅ ካልተመደበለት የሚያቆየው ወንበር ነው። በ1698 የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ መርከብ ሥራ ለመማር መጥቶ ከግቢው አጠገብ ባለው በጸሐፊው በጆን ኤቭሊን ቤት አረፈ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ ሲጨፍር የኤቭሊንን ያማረ አትክልት ቦታ አበላሽቶት ሄደ።

ያ ግቢ የክብር ታሪክ ብቻ አይደለም ያለው። ራሱ እንደጻፈው ከአፍሪካ በልጅነቱ የተሸጠው ኦላውዳ ኢኩዊያኖ በ1762 መጨረሻ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለዓመታት አገልግሎ፣ አሁንስ ነፃ ወጣሁ ብሎ በተስፋ ሲጠብቅ፣ ጌታው እዚያው ዴትፈርድ ላይ ይዞ ለሌላ የመርከብ አዛዥ ሸጠው። በኋላ ነፃነቱን በገንዘቡ ገዝቶ ታሪኩን በ1789 አሳተመ። ቅርስ ይጠበቅ ስንል ያማረውን ብቻ እየመረጥን ከሆነ፣ ከአልሚው ማስታወቂያ ብዙም አልተለየንም።

መርከብ መሥሪያው በ1869 ተዘጋ። የከብት ገበያ ሆነ፣ የጦር ሠራዊት መጋዘን ሆነ፣ በመጨረሻም ለጋዜጣ የሚሆን ወረቀት የሚራገፍበት ግቢ ሆነ። ገንዳዎቹ አፈር ተሞሉ። በላይ የቀረው ዋና ነገር በ1840ዎቹ መርከብ ሲሠራ ከዝናብ ለመከለል የቆመ ግዙፍ የብረት ጣሪያ ነው። በዚህ ክፍለ ዘመን መሬቱን የሆንግ ኮንጉ ሀቺሰን ዋምፖዋ ያዘው፤ ዕቅዱም 3,500 ቤትና ከመካከሉ ብቅ ያሉ ሦስት ማማ ሕንፃዎችን መሥራት ነበር።

የሰፈሩ ሰው ምን አደረገ? መጀመሪያማ እንደ ማንኛውም ሰው ተቃወመ፤ ማማው ይረዝማል፣ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ለድሃ የሚሆነው ቤት ያንሳል። እነዚህ እውነተኛ ቅሬታዎች ናቸው፤ ግን አልሚው ለሁሉም የተዘጋጀ መልስ አለው። መልስ ያልተዘጋጀለት ነገር የመጣው በኋላ ነው። ጥቂት የሰፈሩ ነዋሪዎች ተሰብስበው “እዚሁ ግቢ፣ በዚያው ብረት ጣሪያ አካባቢ፣ በ1678 ከዚህ የወጣችውን ሌኖክስ የምትባል የጦር መርከብ በሙሉ መጠኗ እንደገና እንሥራ” አሉ። የቅዠት ይመስላል። ነገር ግን እጃቸው ላይ ማስረጃ ነበር፤ ሪቻርድ ኤንድሶር የተባለ ተመራማሪ ስለዚችው መርከብ አሠራር ብቻ መጽሐፍ ጽፏል። ወጣቶች አናጢነት፣ ብረት ሥራና ሸራ ስፌት ይማሩበታል፣ ጎብኚ ይመጣበታል ብለው አስረዱ። ሌሎች ደግሞ የኤቭሊንን አትክልት ቦታ እንደገና እንትከል ብለው ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ የገንዳዎቹ ግድግዳዎችና የመርከብ ማውረጃዎቹ ግንዶች በአፈሩ ሥር ተገኙ። የዓለም ሐውልቶች ፈንድም ግቢውንና አትክልት ቦታውን በ2014 የሥጋት መዝገቡ ውስጥ አስገባቸው።

በመጋቢት 2014 የለንደን ከንቲባ የነበረው ቦሪስ ጆንሰን ግንባታውን ፈቀደ። ቤቶቹ ይሠራሉ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ የሰፈር ሐሳቦች በፈቃዱ ስምምነት ውስጥ ገብተዋል፤ አልሚው አብሯቸው እንዲሠራ ግዴታ ተጣለበት። መርከቧ አልተሠራችም፣ ወረቀት ላይ ናት። ይህ ድል ነው? ግማሽ እንኳ አይሆን ይሆናል። ግን ፎቁ ረዘመ ብለው የተከራከሩት ጎረቤቶች በፈቃዱ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ አላገኙም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ከመንገድ ያስወጣኛል። በ1880ዎቹ የኤቭሊን ዘር የሆነ አንድ ባላባት ያንኑ አትክልት ቦታ ለሕዝብ ለመስጠት ፈልጎ ነበር። ለድሆች መኖሪያ ትታገል የነበረችው ኦክታቪያ ሂልና ጠበቃው ሮበርት ሀንተር ሲያዩት መሬቱን በአደራ ተቀብሎ የሚይዝ ሕጋዊ አካል በአገሩ አልነበረም። ከዚያ ጭንቀት የተፀነሰው ሐሳብ በ1895 ናሽናል ትረስት የሚባለውን ድርጅት ወለደ፤ ዛሬ በእንግሊዝ ከታላላቅ ባለርስቶች አንዱ ነው። አንድ ሰፈር ስጦታውን የሚቀበልለት አጥቶ አገሩን ሁሉ የሚያገለግል ተቋም አስገኘ።

ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ዛሬ ባሕር የለንም፤ የሥራ ግቢያችን የባቡሩ ነው። ለገሃር።

ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሸፍኔ የባቡር መንገድ ውል የሰጡት በ1894 ነው። ከጅቡቲ ሥራው በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ሜዳ ደረሰ። ገንዘቡ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከጅቡቲ 780 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ሐዲድ ነው። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ፤ ከፊት ለፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ጣሊያን ወደ ሮም አግዞት ከብዙ ዓመታት በኋላ የተመለሰ ነው።

በኅዳር 2018 የለገሃር ልማት ሲበሠር የተባለው ይህ ነው፤ አልሚው ኢግል ሂልስ የተባለው የኤምሬትስ ኩባንያ፣ መሬቱ 360,000 ካሬ ሜትር፣ ወጪው 50 ቢሊዮን ብር፣ በአካባቢው የሚኖሩ 1,600 ያህል አባወራዎችም እዚያው ቤት ተሠርቶላቸው ይቀመጣሉ፣ ታሪካዊው ጣቢያም ይጠበቃል። ነዋሪው እዚያው ይቀመጣል የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። በሌሎች ሰፈሮች ነዋሪው ወደ ከተማ ዳር ሲወጣ ያየ ሰው፣ “እዚያው ትኖራላችሁ” የሚል ቃል በአደባባይ መሰማቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። አስተያየቴ ግን አለኝ። ጣቢያው ፊቱ ያምራል፤ ፎቶ ይነሡበታል፣ ሙሽራ ይቆምበታል። ባቡሩን ያቆየው ግን ከፊቱ ጀርባ ያለው ነው፤ ጋራዡ፣ መጋዘኑ፣ የሠራተኞቹ መኖሪያ። በዓለም ሁሉ አልሚ ለመጠበቅ የሚቀለው ፊት ለፊቱን ነው፤ ጀርባውን ካልጠየቁት አይሰጥም።

ጀርባውን ያቆዩት የድሬዳዋ ሰዎች ናቸው። ድሬዳዋ የሸሚንደፈር፣ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ከዚራ የሚባለው ሰፈሯ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑትን ቀጥ ያሉ መንገዶቹን ያገኘው ከባቡሩ ነው። የአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ሲጻፍ የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራሉ። ከተራራው ሥር ያለችው ይህች ከተማ ለዋናው መጠገኛ ተስማሚ ነበረች፤ ወደ ላይ የሚወጣው ባቡር ከዚህ ጀምሮ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጠብቀዋል። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ፣ የጎደለውን ሁሉ እዚያው ያቀልጡታል፣ ይቀጠቅጡታል፣ በቶርኖ ይቀርጹታል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ከቆመ በኋላ፣ አዲሱ የቻይናዎች ሐዲድም በጥቅምት 2016 ከተመረቀ በኋላ፣ አሮጌው መስመር በብዙ ቦታ ተነቀለ፣ ብረቱ ተበላ። የድሬዳዋው ወርክሾፕ ግን አልተበላም። ለምን? ዘበኛ ስለነበረው ብቻ አይደለም። አሮጌዎቹ ሠራተኞች መኪኖቹን ዘይት መቀባት አላቆሙም፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር በኩል ለተወሰነ ጊዜ አንዲት ባቡር ያስሄዱ ነበር፤ ሰው ሊጎበኝ ሲመጣ በፈረንሳይኛ እየተጫወቱ የየማሽኑን ስምና ጠባይ ይነግሩታል። አቤቱታ ከመጻፍ ይልቅ ሥራው ላይ ቆዩ። ለንደኖች በወረቀት ያሰቡትን እነዚህ በእጃቸው አደረጉት። የእነዚህ ሰዎች ዕድሜ እየገፋ ነው፤ የሚያሳስበኝ ከማሽኑ ይልቅ እሱ ነው።

አንድ የማይመች ነገር ልናገር፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካልተነገረ የትም አይነገርም። በአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ ከሚባሉት መካከል እኛው አለንበት። በሪያል አጠራቅመን የምንልከው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ወደ ቤት ነው የሚሄደው፤ አፓርታማ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የሪል እስቴት ቅድመ ክፍያ። ይህን ለመውቀስ አይደለም፤ ለእናቱ ውኃና ሽንት ቤት ያለው ቤት የሚገዛን ሰው ማን ይወቅሳል? አሮጌ ሰፈር ሁሉ ገነት ነበር የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። በ1975 አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የቀበሌ ቤት ኪራይ ወረደ፣ መጠገኑም አብሮ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ትውልድ፣ ለሃያ ቤት አንድ ሽንት ቤት። በ2024 ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ካለቀሱት ጋር አልቅሻለሁ፤ ነገር ግን እዚያ ውስጥ ክረምት ሲገባ ጣሪያው የሚያፈስስበት ሰው “ምኑ ያስለቅሳል?” ያለኝ እንደሆነ መልስ የለኝም። የዴትፈርድ ሰዎችም ቤት አይሠራ አላሉም፤ ቤቱ ሲሠራ የግቢው ነገር የት ይገባል ብለው ነው የተከራከሩት። ሁለቱን ማምታታት አልሚውን ይጠቅመዋል፤ “እነዚህ ልማት ጠሎች ናቸው” ብሎ ለማለፍ ይቀለዋልና።

ገዢ መሆናችን ግን አቅምም ይሰጠናል። ሻጩ ደውሎ የፎቁን ንድፍ በስልክ ሲልክልን ስለ ሊፍቱና ስለ ጄነሬተሩ እንደምንጠይቀው ሁሉ፣ “እዚያ ቦታ ላይ ምን ነበረ? ምኑስ ይቀራል? ይኖሩበት የነበሩት የት ሄዱ?” ብለን መጠየቅ እንችላለን። አንድ ሰው ቢጠይቅ አይሰማም። ብዙ ገዢ ያንኑ ሲደጋግም ግን ሻጩ መልሱን በማስታወቂያው ላይ ያስገባዋል፤ ማስታወቂያ ላይ የገባ ነገር ደግሞ ለሙግት ይያዛል።

ከዚያ በላይ ጠቃሚው ነገር ቤታችን ውስጥ ነው ያለው። አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር በ2007 ያወጣው የአዲስ አበባ አሮጌ ሕንፃዎች መጽሐፍ የተሞላው በፎቶግራፍና በቤት ታሪክ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከየቤተሰቡ መሳቢያ ካልወጣ ሌላ ቦታ አይገኝም። የሸሚንደፈር ታሪክም እንዲሁ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ባቡር ላይ ሠርተው ከሆነ መታወቂያው፣ የደመወዝ ወረቀቱ፣ የልብስ ቁልፉ ሳይቀር ማስረጃ ነው። እሳቸው በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ስትደውሉ ንግግሩን እየቀዳችሁ ጠይቋቸው። ስለ ኩራት አትጠይቁ፤ ኩራት ሁሉም ይመልሰዋል። ጠዋት በስንት ሰዓት ይገቡ ነበር፣ መጀመሪያ የሚነኩት ማሽን የትኛው ነበር፣ ጣት የቆረጠው የትኛው ነው፣ አለቃው ሲቆጣ በምን ቋንቋ ይሳደብ ነበር። ዴትፈርዶች ሌኖክስን እንሥራ ሲሉ ያልሳቁባቸው ሳንቃው ስንት ጣት እንደሚወፍር ያውቁ ስለነበር ነው።

እኔ ይበቃኛል። ክርክር ካላችሁ አሁን ልስማ፤ በተለይ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እገምታለሁ። ግን ድሬዳዋ ያደጋችሁ ካላችሁ መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ፤ ወርክሾፑን እኔ ከማውቀው በላይ ታውቁታላችሁ፣ የተሳሳትኩትም ካለ እዚሁ አርሙኝ።